ከዋሽንግተን እስከ ፒትስበርግ በብስክሌት፦ ወዳጅ ጥየቃ በበቅሎ መንገድ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ነው። ዕድሜዬ 38 ዓመት ሲሆን፣ ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር በመሆኑ ብስክሌት ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልጅ ሳለሁ በሰዓት እየተከራየሁ፣ ከፍ ስል ደግሞ በአባቴ ብስክሌት ትምህርት ቤት እየተመላለስሁ ነው ያደግሁት። ወደዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሳልነካው ቆይቼ፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ወደ ሥራ በብስክሌት መሄድ ጀምሬአለሁ። አብረውኝ የተማሩ ሁለት ጓደኞች አሉኝ፤ አንደኛው ሄገርስታውን፣ ሌላው ፒትስበርግ ይኖራሉ። በስልክ ሁልጊዜ “እንገናኝ” እየተባባልን፣ ሳንተያይ አራት ዓመት አለፈን። በዚህ ዓመት በሐምሌ ወር ፈቃድ ወስጄ ሁለቱንም በብስክሌት ሄጄ ልጠይቃቸው አስቤአለሁ። ፒትስበርግ በአራት ቀን ለመግባት ነው ያቀድሁት፤ ጓደኛዬንም ሐሙስ ማታ በ12 ሰዓት ቤትህ እደርሳለሁ ብዬዋለሁ። ባለቤቴ “መኪና እያለ ምን አስጨነቀህ?” እያለች ሐሳቡን አልተቀበለችውም። ጉዞው እንደ እኔ ላለ ሰው ይቻላል? መንገዱስ እንዴት ነው? ምን ምን ይዤ ልሂድ?
— አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ጉዞው ይቻላል፤ ያቀዱት አራት ቀን ግን አይበቃም። ለጓደኛዎ የሰጡትን ሰዓት ደግሞ ዛሬውኑ ደውለው እንዲያነሡት እለምንዎታለሁ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ አስቀድመን ስለ መንገዱ እንነጋገር።

ከዋሽንግተን እስከ ፒትስበርግ መኪና የማይገባበት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተያያዘ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አለ። መንገዱ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ከጆርጅታውን ተነሥቶ የፖቶማክን ወንዝ እየተከተለ እስከ ከምበርላንድ ድረስ 184.5 ማይል፣ ማለትም 297 ኪሎ ሜትር የሚሄደው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዳርቻ ነው። ሁለተኛው ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ የሚባለው ሲሆን፣ ከከምበርላንድ ተነሥቶ ተራራውን ካቋረጠ በኋላ ፒትስበርግ ውስጥ ወንዞቹ እስከሚገናኙበት መናፈሻ ድረስ 150 ማይል ወይም 241 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሁለቱ ሲደመሩ 538 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ካለው የመኪና መንገድ ጋር የሚቀራረብ ነው። ርቀቱ ምን እንደሚያህል ለባሕር ዳር ልጅ መንገር አያሻኝም።

ነገር ግን በዚህ መንገድ ላይ እንደ ዓባይ በረሃ ያለ ነገር አይገጥምዎትም። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ ወደ ደጀን ሽቅብ የወጣ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ መውረድና መውጣት ምን እንደሆነ ያውቃል። እዚህ የጉዞው ሁሉ ከፍተኛ ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 729 ሜትር ብቻ ነው፤ ባሕር ዳር ራሷ ከዚያ ከሁለት እጥፍ በላይ ከፍ ብላ ነው የምትገኘው። ሜዳነቱ ከአሠራሩ የመጣ ነው። ቦዩን መቆፈር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1828 ሲሆን፣ ከተራራው ሥር የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎችን በዳርቻው እየተራመዱ በገመድ ይጎትቱ የነበሩት በቅሎዎች ናቸው። እርስዎም የሚሄዱበት ያንኑ የበቅሎ መንገድ ነው። የቦይ ውሃ እንዲረጋ ከተፈለገ ቦዩ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን ስላለበት፣ ከፍታው የሚጨምረው በ74 የውሃ በሮች ላይ ብቻ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ በ297 ኪሎ ሜትር ውስጥ ጠቅላላው ጭማሪ 184 ሜትር ብቻ ነው። ቦዩ ከምበርላንድ የደረሰው በ1850 ሲሆን፣ በዚያው በ1828 ሥራው የተጀመረለት ባቡር ግን ስምንት ዓመት ቀድሞት በ1842 ደርሶ ነበር። በ1924 ጎርፍ ካፈረሰው በኋላ ጀልባ አልሄደበትም። በ1954 የቦዩን ዳርቻ የመኪና መንገድ ለማድረግ ሐሳብ ሲቀርብ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ጋዜጠኞችን አስከትለው መንገዱን በእግራቸው በመሄድ ተቃውመዋል፤ በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። እኚህ ሰው ያን ጊዜ ተነሥተው ባይሄዱ ኖሮ ዛሬ እርስዎና እኔ የምንነጋገርበት መንገድ አይኖርም ነበርና፣ በጉዞዬ ላይ ብዙ ጊዜ አስታውሻቸዋለሁ።

ሁለተኛው ክፍል የተሠራው በተተወ የባቡር ሐዲድ ላይ ነው። ባቡር ዳገት ስለማይወድ የዚህም ተዳፋት ለዘብ ያለ ነው። ሆኖም ከምበርላንድን ለቀው እስከ ተራራው አናት ድረስ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ሳያቋርጡ መውጣት ግድ ይላል። ዳገቱ ለዓይን አይታይም፤ እግር ግን ያውቀዋል። በዚህ ቀን ማርሽዎን ዝቅ አድርገው፣ ሳይጣደፉ፣ እስትንፋስዎ ሳይቆራረጥ ከሰው ጋር መነጋገር በሚችሉበት ፍጥነት ይሂዱ። አናቱን ካለፉ በኋላ እስከ ፒትስበርግ የቀረው 200 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአብዛኛው ቁልቁል ያዘነበለ ነው።

አሁን ወደ ቀኖቹ እንምጣ። 538 ኪሎ ሜትርን ለአራት ሲያካፍሉት በቀን 135 ኪሎ ሜትር ይደርስብዎታል። የቦዩ ዳርቻ አፈርና ደቃቅ ጠጠር ስለሆነ፣ ከነጓዝ ብስክሌት በሰዓት ከ15 እስከ 17 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው፤ ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ጭቃው ይህንንም ይቀንሰዋል። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ያለ ዕረፍት ኮርቻ ላይ መቀመጥ ሊኖርብዎ ነው። ወደ ሥራ በብስክሌት የሚመላለስ ጤናማ ሰው ያንን አንድ ቀን ይችለዋል፤ በሁለተኛው ቀን ግን መቀመጫውም መዳፉም ጉልበቱም አብረው ይከሱታል። እኔ የምመክርዎ ስምንት ቀን ነው፤ ሰባቱ የጉዞ፣ አንዱ ሄገርስታውን ካለው ጓደኛዎ ዘንድ የሚያርፉበት። በመጀመሪያው ቀን ፖይንት ኦፍ ሮክስ አካባቢ ያድራሉ፤ በሁለተኛው ዊሊያምስፖርት ይገባሉ፤ ሄገርስታውን ከዚያ ቅርብ ስለሆነ ጓደኛዎ በመኪና መጥቶ ሊወስድዎ ይችላል። ካረፉ በኋላ በሁለት ቀን ከምበርላንድ፣ በሦስተኛው ተራራውን ተሻግረው ሮክዉድ፣ በአራተኛው ኦሃዮፓይል ላይ ፏፏቴውን አይተው ኮነልስቪል፣ በአምስተኛው ፒትስበርግ። ይህ በቀን ከ65 እስከ 98 ኪሎ ሜትር ነው። ረጅሙ የመጨረሻው ቀን ሲሆን፣ መንገዱ ደልዳላ ነው፤ ሰውነትዎም እስከዚያ ይላመዳል። ፈቃድዎ አንድ ሳምንት ብቻ ከሆነ ግን እስከ ከምበርላንድ በብስክሌት ሄደው፣ ከዚያ ምሽት ላይ በሚያልፈው ባቡር ፒትስበርግ እኩለ ሌሊት ገደማ መግባት ይችላሉ። ስምንቱን ቀን በአምስት ለመጨረስ ከመሞከር ይህ እጅግ የተሻለ ነው።

ለጓደኛዎ ስለ ሰጡት ሰዓት ቃል ገብቼ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ራሴ ይህን መንገድ ስሄድ፣ ከምበርላንድ አካባቢ ለሚኖር ወዳጄ “በ12 ሰዓት እገባለሁ፤ እራት አብረን እንበላለን” አልሁት። ከመነሣቴ በፊት ብስክሌቴን ለአንድ ሱቅ ሰጥቼ አሳይቼ ነበር፤ የኋላውን ዕቃ መጫኛ የያዘው ብሎን ግን በደንብ ሳይጠብቅ ቀርቶ ኖሮ፣ ፖ ፖ የሚባለውን ዋሻ አልፌ ጥቂት እንደ ሄድሁ ወድቆ ጠፋ። ሻንጣዎቹ ተንሸራተው ጎማውን ያዙት። የአንድ ጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ መጫኛውን ከብስክሌቱ አጥንት ጋር አሰርሁትና፣ በየሁለት ሦስት ኪሎ ሜትሩ እየወረድሁ እያጠበቅሁ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄድሁ። በዚያ ሸለቆ ውስጥ ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም። ወዳጄን ያገኘሁት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ከመኪና መንገድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ የመኪናውን መብራት አብርቶ ቆሞ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ሌሎች መገናኛዎች ላይ ሄዶ ፈልጎኛል። “እንኳን በሰላም መጣህ” ሲለኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቤት ስንገባ ልጆቹ ለእንግዳ የለበሱትን ልብስ እንደ ለበሱ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ወጡ ተከድኖ ቀዝቅዟል፤ ቄጠማው እንደ ተጎዘጎዘ፣ ሲኒዎቹም ረከቦቱ ላይ እንደ ተደረደሩ ናቸው። ባለቤቱ አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ ተነሥታ ከሰሉን እንደገና አቀጣጠለች።

የብስክሌት መንገደኛ ብሎን ይጠፋበታል፣ ጎማው ይተነፍሳል፣ ነጎድጓድ ያስጠልለዋል። የእኛ ሰው ደግሞ እንግዳ ሲጠብቅ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ቤቱን ያሰናዳል፣ ወጥ ይሠራል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ሰዓቱ ካለፈ ይጨነቃል። ስለዚህ ለጓደኛዎ “ሐሙስ ወይም ዓርብ እገባለሁ፤ ስቃረብ እደውላለሁ” ይበሉት። የሚደውሉበትንም ቦታ አሁኑኑ ይወስኑ። ወደ ፒትስበርግ ሲሄዱ ማኪስፖርት ላይ ሆነው ቢደውሉ 29 ኪሎ ሜትር ስለሚቀርዎት ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደርሳሉ፤ ወደ ሄገርስታውን ሲሄዱ ደግሞ ሼፐርድስታውን አጠገብ ቢደውሉ ሦስት ሰዓት ያህል ይቀርዎታል። ወጡም ቡናውም በልክ ይደርሳል።

ስለ ሙቀቱ ሳልጽፍ ባልፍ ጥፋተኛ እሆናለሁ። የዚህ አገር የሙቀት ወራት ሀገር ቤት ክረምት በሆነበት ጊዜ ስለሚውል፣ ሐምሌ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታሰበን ጉምና ጭቃ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ግን የሐምሌ ቀን ወደ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ አየሩም እርጥብ በመሆኑ ላብ አይደርቅም፣ ላብ ካልደረቀ ደግሞ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ስለዚህ በሀገር ቤት አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥተው እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ድረስ የቀኑን አብዛኛውን መንገድ ይጨርሱ። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያለበት ዝናብ የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ሳይሆን በጣሪያ ሥር ይሁኑ። ራስዎን ካዞርዎት፣ ላብዎ ቆሞ ብርድ ብርድ ካለዎት ያ የሙቀት ሕመም ምልክት ነውና ወዲያው ይቁሙ፤ አንገትዎንና ብብትዎን በውሃ ያርጥቡ፤ ካልተሻለዎት ወደ 911 ይደውሉ።

በቦዩ ዳርቻ በየ8 እስከ 12 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተዘጋጁ የድንኳን ማደሪያዎች አሉ። ክፍያ የላቸውም፤ ቀድሞ የደረሰ ይይዛቸዋል፤ በአንዱ ቦታ ከአንድ ሌሊት በላይ ማደር አይፈቀድም። መጸዳጃ ቤት፣ ጠረጴዛና በእጅ የሚሳብ የውሃ ፓምፕ አላቸው። ፓምፑ አንዳንድ ጊዜ ስለሚበላሽ ውሃ ባገኙበት ሁሉ ይሙሉ፤ ከሁለት ሊትር በታች ይዘው አይነሡ። ማታ ሲተኙ ከጉልበት ኋላ፣ ከብብትና ከጆሮ ጀርባ መዥገር እንዳይኖር ይፈትሹ፤ የላይም በሽታ የሚያስተላልፍ የመዥገር ዓይነት በአካባቢው አለ። በመንገዱ ዳር ባለ ሦስት ቅጠል የሆነ፣ ቆዳን ክፉኛ የሚያሳክክ ሐረግ ስላለ ለመናፈስ ብለው ቁጥቋጦ ውስጥ አይግቡ።

ስለ ስንቅ አያቶቻችን የነገሩን ሁሉ እዚህም ይሠራል። በበቅሎና በእግር ይጓዙ የነበሩት የያዙት በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነበር፤ አይበላሽም፣ አይከብድም፣ እሳት አይፈልግም። ሱቅ የሚሸጡትን በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለሉ ጣፋጮች ከመግዛት እኔ በሶ እመርጣለሁ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ በሶ ለብስክሌት በተሠራው ጠባብ አፍ ባለው ኮዳ ውስጥ ከበጠበጡት ጡቱን ይደፍነዋል፤ ሙቀት ላይ ግማሽ ቀን ከቆየም ይኮመጥጣል፣ ሽታውም ከኮዳው አይለቅም። አፈ ሰፊ ዕቃ ይያዙ፤ ሁለት ማንኪያ በሶ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ ጣት ለጣት የቆነጠሩትን ጨው ይጨምሩ፤ መጀመሪያ በጥቂት ውሃ አሽተው ካለዘቡት በኋላ ቀሪውን ውሃ ይጨምሩና ይበጥብጡት፤ ወዲያውኑ ይጠጡት። ጨዉን አይርሱ፤ በላብ የሚወጣው ውሃ ብቻ አይደለም።

በመሣሪያ በኩል ጎማው 38 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ቢሆን ይሻላል። በዚህ መንገድ ላይ ጎሚስታ የለም። ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ልጣፊና ማስቲሽ፣ ጎማ መፈልቀቂያ፣ ትንሽ መንፊያና ብሎን መፍቻ ይያዙ፤ ይልቁንም ከመነሣትዎ በፊት የኋላውን ጎማ ቤትዎ ውስጥ ሦስት ጊዜ ፈትተው ይግጠሙ፤ የኋላው ሰንሰለትና ማርሽ ስላለበት የሚያስቸግረው እርሱ ነው። ጎማው ሲተነፍስ የውስጡን አውጥተው ነፍተው ጉንጭዎ አጠገብ ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ እጅ የማይሰማውን ትንፋሽ ጉንጭ ይሰማዋል። ቀዳዳውን ካገኙ በኋላ አዲሱን ከመክተትዎ በፊት የውጩን ጎማ በውስጥ በኩል በጣትዎ ዙሪያውን በዝግታ ይዳስሱ፤ እሾሁ አሁንም እዚያው ተሰክቶ ይሆናል። የሁሉንም ብሎን ጥብቀት ማንም ቢያየው ራስዎ መልሰው ይዩት። ፖ ፖ ዋሻ 950 ሜትር ይረዝማል፣ መብራት የለውም፣ መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ የግንባር ባትሪ አድርገው፣ ከብስክሌቱ ወርደው፣ እየገፉ ይለፉ። ሃርፐርስ ፌሪን ማየት ከፈለጉ ከቦዩ ወደ ድልድዩ የሚያወጣው ጠመዝማዛ ደረጃ ስለሆነ ሻንጣዎቹን አውርደው ለየብቻ መሸከም ሊኖርብዎ ነው፤ ጆን ብራውን በ1859 ባርነትን በመቃወም የተነሣበት ቦታ ስለሆነ ግን ድካሙ አያስቆጭም።

ባዶ እጅ አይኬድም ማለትዎ አይቀርም። ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና ለእያንዳንዱ ቤት በቂ ነው፤ በላስቲክ ሁለት ጊዜ ጠቅልለው ከሻንጣው ሥር ያድርጉት። አንድ ንጹሕ ሸሚዝና ሱሪም ለሰው ቤት ብቻ ይለዩ።

ስለ ባለቤትዎ አንድ ነገር ልበል። እርግጥ ነው፣ መኪናው የአራት ሰዓት መንገድ ነው፤ ሆኖም በአራት ዓመት ውስጥ አልወሰደዎትም። እርሳቸውን የሚያስፈራቸው መኪና የሚበዛበት አውራ ጎዳና ከሆነ፣ ካርታውን አብራችሁ ተቀምጣችሁ ተመልከቱት፤ መኪና የማይገባበት መሆኑን ያዩታል። አንድ እሑድ ደግሞ ከቤተስዳ ወደ ጆርጅታውን በሚወርደው የአስፋልት ብስክሌት መንገድ አብረው ይሂዱና ቦዩን ያሳዩአቸው። በየማታው የት እንደሚያድሩ፣ ኔትወርክ የማይኖርባቸውም ሰዓቶች የትኞቹ እንደሆኑ አስቀድመው ጽፈው ይስጧቸው። በተለይ ከሊትል ኦርሊንስ እስከ ከምበርላንድ ያለው ቀን ስልክዎ ዝም ሊል የሚችልበት መሆኑን ሳይነግሯቸው አይነሡ።

ጥያቄ፦ ጉዞዬ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከፍልሰታ ጾም ጋር ሊገጥምብኝ ነው። እየጾምሁ ረጅም መንገድ በብስክሌት መሄድ እችላለሁ?
— አንባቢት፣ ከፎልስ ቸርች

መልስ፦ የጾሙን ሥርዓት በተመለከተ መልሱን ሊሰጡዎት የሚገባቸው የንስሐ አባትዎ ናቸውና ከማቀድዎ በፊት ይጠይቋቸው። ስለ ሰውነት ግን የማውቀውን ልንገርዎ። የጾም ምግብ ለብስክሌት ጉዞ ምንም ጉድለት የለበትም፤ በሶው፣ ቆሎው፣ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሙዙ ሁሉ ኃይል ይሰጣል። የሚከብደው ምግቡ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ በነሐሴ ሙቀት 70 ኪሎ ሜትር መሄድ አደገኛ ስለሆነ አይሞክሩት።

የዘመን አቆጣጠራችን ራሱ ቀን አስቀምጦልዎታል። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ጁላይ 12 ይፈታል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን፣ ማለትም ኦገስት 7 ይገባል። በመካከሉ ከረቡዕና ዓርብ በቀር ጾም የሌለበት ወደ አራት ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ አለ። ጉዞዎን እዚያ ውስጥ ቢያደርጉ ወዳጆችዎም ዶሮ ወጥ ሠርተው ሊቀበሉዎት ይችላሉ። ይህ ካልሆነ ከነሐሴ 16 በኋላ ያለው ጊዜ ሙቀቱም ጥቂት የሚበርድበት ስለሆነ መልካም ነው። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ለሚነሡ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ በሰው ቤት ማታ ቅቤ የበዛበት ወጥ ከነጉርሻው ሲቀርብ እምቢ ማለት አይቻልም፤ በማግስቱ ማለዳ ግን ሆድ አያስኬድም። እንግዳ በሆኑበት ቤት ሁለት ሌሊት ለማደር ያቅዱ።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ብስክሌት ይወዳል። ሙሉውን መንገድ ባንችልም ከእርሱ ጋር የተወሰነውን ሄደን ሃንኮክ አጠገብ ያሉ ወዳጆቻችንን ብንጠይቅ ደስ ይለኛል። ከየት እንጀምር?
— እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ለእናንተ የሚስማማው ሃንኮክ ላይ ከቦዩ ጎን ለጎን የሚሄደው አስፋልት ነው። ይህም የድሮ የባቡር መስመር ሲሆን ከቢግ ፑል እስከ ሊትል ኦርሊንስ ድረስ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሃንኮክ ከተማ በመካከሉ ትገኛለች። ከወዳጆቻችሁ ቤት ተነሥታችሁ በመጀመሪያው ቀን ወደ አንዱ ጫፍ፣ በማግስቱ ወደ ሌላው ሄዳችሁ ማታ ማታ ወደዚያው ቤት ትመለሳላችሁ፤ ድንኳንም ከባድ ሻንጣም አያስፈልጋችሁም። ልጅዎ አንዴ ከሄደበት በኋላ ቁልቁለት ከፈለገ፣ ከፍሮስትበርግ እስከ ከምበርላንድ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እስከ መጨረሻው ቁልቁል ነው፤ ፍሬኑ በደንብ የሚሠራ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ።

በሜሪላንድ ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብስክሌት ሲነዳ የራስ ቁር የማድረግ ግዴታ አለበት፤ እርስዎም ቢያደርጉት ልጁ አይከራከርም። በቦዩ ዳርቻ ስትሄዱ ደግሞ ፍጥነቱ በሰዓት ከ15 ማይል ወይም ከ24 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ሰው ስታልፉ ደወል እንድትደውሉ፣ ወንዝ በሚያሻግሩት የድንጋይ ድልድዮች ላይም ወርዳችሁ እንድትገፉ ደንቡ ያዛል። ለእግረኛ፣ ለፈረስና ለበቅሎ ቅድሚያ መስጠት ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ፒትስበርግ ከደረስን በኋላ ብስክሌታችንን ይዘን ወደ ዋሽንግተን እንዴት እንመለሳለን?
— ሁለት ጓደኛሞች፣ ከዋሽንግተን ዲሲ

መልስ፦ በባቡር። በሁለቱ ከተሞች መካከል የአምትራክ ባቡር በየአቅጣጫው በቀን አንድ ጊዜ ይሄዳል፤ በመንገዱም ኮነልስቪል፣ ከምበርላንድና ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ይቆማል። ብስክሌት ሳይፈታ ይጫናል፤ ቦታው ጥቂት ስለሆነ ግን ለራሳችሁ ትኬት ስትቆርጡ ለብስክሌቱም አብራችሁ ማስያዝ አለባችሁ፤ ጣቢያ ደርሶ መጠየቅ አይሆንም። ባቡሩ ከፒትስበርግ የሚነሣው ማለዳ፣ ጎሕ ሲቀድ ገደማ ነው። ስለዚህ የሚያስተናግዷችሁን ሰዎች በሌሊት እንዳትቀሰቅሷቸው ከዋዜማው ተሰናበቱ፣ ሻንጣችሁንም ከሳሎኑ አውጥታችሁ በር አጠገብ አድርጉት። ጎማውን ትንሽ ማስተንፈስ አያስፈልግም፤ የሻንጣዎቹን መያዣ ግን ሁሉንም አውርዳችሁ ብስክሌቱን ባዶውን አዘጋጁ፣ ወደ ባቡሩ አንሥታችሁ የምታቀብሉት እናንተው ናችሁና።